የሶላሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

በጎንደር ዞኖችና ወረዳዎች ለምትገኙ የጤና፣ የትምህርት፣ የውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤቶች፤ እንዲሁም ለገጠር ሶላር ለምትለግሱ ድርጅቶች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ግንቦት ነው። የመጪው ዓመት በጀት የሚታቀድበት ጊዜ ነው፤ ክረምቱም ደጅ ደርሷል። ይህን ደብዳቤ አሁን የምጽፈው ለዚህ ነው። እኔ ጎንደር ከተማ የሶላር ጥገና የምሠራ ሰው ነኝ። ጤና ኬላ ይሁን ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ይሁን መስጊድ፣ የመብራት ኃይል ምሰሶ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ሲደወልልኝ ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ። ሥራ ፍለጋ እየጻፍኩ አይደለም። ሥራ ሞልቷል። እንዲያውም መብዛቱ ነው ያሳሰበኝ፤ ምክንያቱም ከምጠራበት ብልሽት አብዛኛው መበላሸት ያልነበረበት ነው።

ነገሬ አጭር ነው። ሶላር ለመትከል በጀት አለ፤ የተተከለውን ለማቆየት ግን የለም። ገንዘቡም የለም፣ ሰውም የለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2017 ዓ.ም. ለሁሉም ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል ነበር ያሰበው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከመስመር ውጭ ሲባል ደግሞ በዋናነት ሶላር ነው። የአገራችን ፀሐይ ለዚህ አታንስም። በአማካይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ታወርዳለች። ፀሐይዋ የራሷን እያደረገች ነው።

የርክክቡን ቀን ታውቁታላችሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ቡናና ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ፎቶ ይነሳል። መኪኖቹ ይሄዳሉ። የአጠቃቀም መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ተጽፎ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። ካርቶኑም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሶላሩ የማን ነው ቢባል መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

ባለፈው በጋ ወደ በለሳ አቅጣጫ ወደ አንድ ጤና ኬላ ተጠርቼ ሄድኩ። «ሶላሩ ተቃጥሏል» ተብዬ ነው። ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ፓኔሉ ከአቧራ በቀር ምንም አልሆነም። የባትሪውን ሳጥን ስከፍት ግን ፖዘቲቩ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ብሎኑ ያለ መፍቻ በጣት ይዞራል። ክዳኖቹን ፈትቼ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ ሳይ፣ ውሃው ውስጡ ከተደረደሩት የእርሳስ ሰሌዳዎች፣ ከፕሌቶቹ፣ በታች ወርዷል፤ የፕሌቶቹ ጫፍ ደርቆ ነጥቷል። ግድግዳው ላይ ኮንትሮለሩ፣ ባትሪው የሚሞላውንና የሚሰጠውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ቀይ መብራቱን አብርቷል። ከጎኑ አንድ ሰው በሁለት ሽቦ ኮንትሮለሩን ዘሎ በቀጥታ ከባትሪው ሶኬት ስቧል።

ይቺ ሽቦ ናት ባትሪውን የገደለችው። ኮንትሮለሩ ባትሪው ሲደክም መብራቱን የሚያጠፋው ተበላሽቶ አይደለም። ባትሪው ባዶውን እንዳያድር እየጠበቀው ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ግን «ይኼ ሳጥን መብራት ይከለክለናል» ብሎ ይዘለዋል። አይፈረድበትም። እዚያ ያገኘኋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። «ወንድሜ፣ ሶላሩን የሚያውቀው ልጅ ተዛውሯል። እኔን ንኪው ያለኝ የለም፤ እንዳትነኪው ያለኝ ግን አለ።»

በዚህች ንግግር ውስጥ ችግሩ ሁሉ አለ። ሲበላሽ የምትጠየቀው እሷ፣ ሳይበላሽ እንዳትነካው የታዘዘችውም እሷ።

ስለ ባትሪ ትንሽ ላውራችሁ፤ የገንዘባችሁ ጉድጓድ እሱ ነውና። ገጠር ላይ በብዛት የማገኘው የሊድ አሲድ (እርሳስና አሲድ ያለበት) ባትሪ ነው። ውሃ የሚጨመርበትም የታሸገም አለ። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ፣ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ፣ ማለትም በእንፋሎት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም፣ የምንጭም፣ ሃይላንድም አይሆንም፤ ማዕድን አላቸው፤ ማዕድኑ ፕሌቱን ይበላዋል። አሲድ ደግሞ በፍጹም አይጨመርም። የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ። የሚጨመርበት ሰዓትም አለው፤ ባትሪው በደንብ ቻርጅ ካደረገ በኋላ ነው። ፕሌቱ ከታየ ግን መጀመሪያ ፕሌቱን እስኪሸፍን ብቻ ይጨመራል፤ የቀረው ከቻርጅ በኋላ። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። በወር አንድ ጊዜ ክዳን ከፍቶ ማየት ነው። ሲጋራና ሻማ ግን አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ቻርጅ የሚያደርግ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፤ ይፈነዳል።

ጤንነቱን ለማወቅ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳያገኘውና መብራት ሳይበራ፣ ኮንትሮለሩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል። ባለ 12 ቮልት የሊድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከ12 በታች ሆኖ ውሎ እያደረ ከከረመ፣ ፕሌቱ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል። ወዲያው ቻርጅ ከተደረገ ይለቃል፤ ሳምንታት ካለፉት ይደነድናል። ያኔ እኔም ብመጣ፣ ማንም ቢመጣ ለውጥ የለውም።

ሙቀትም አለ። ባትሪው የሚኖርበት ክፍል ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል የሚል በሙያው የታወቀ ስሌት አለ። ስለዚህ ደጋው ደባርቅ ላይ አምስት ዓመት የሠራ ባትሪ ቆላው መተማ ወይም ቋራ ላይ ያን ያህል ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። ቆላ ላይ ባትሪው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ኮርኒስ ላይ ሳይሆን፣ ጥላ ያለው፣ አየር የሚያገኝ ወለል ላይ ይቀመጥ። ለደጋውም ለቆላውም አንድ የጨረታ ሰነድ ኮፒ እየተደረገ የሚወጣበት አሠራር ግን መቅረት አለበት።

መኪና ገዝቶ ለጎማ በጀት ያልያዘ መሥሪያ ቤት አላየሁም። ባትሪም እንደ ጎማ ነው፤ ያልቃል። ፓኔሉ 25 ዓመት ቢያገለግል፣ የሊድ ባትሪው በዚያ ውስጥ አምስትና ስድስት ጊዜ ይቀየራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ወጪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ከተተከለበት ዓመት ጀምሮ የባትሪው ዋጋ ለአራት ተካፍሎ በየዓመቱ በጀት ይያዝለት። አራት ፓኔል ለመትከል የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ሦስት ትከሉ። የአራተኛውን ለባትሪ አስቀምጡት። ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ያንሳል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን የሞተ ሶላር ቆጥሮ ሪፖርት ከማድረግ የሚሠራውን መቁጠር ይሻላል።

ሊቲየም ይሻላል የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ውሃ አይጠይቅም፣ በአግባቡ ከተያዘ ከሊድ ብዙ እጥፍ ይቆያል። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ግን ዓመቱ ሲሰላ ያዋጣል። አንድ ነገር ብቻ፤ ለሊድ የተስተካከለ ኮንትሮለር ላይ ዝም ብሎ አይሰካም። ኮንትሮለሩ ለሊቲየም የሚሆን መሆኑ ይጠየቅ፤ ከሆነም ይስተካከል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሰው ነው። እዚህ ላይ ምሳሌ አለኝ፤ ያውም ከመሥሪያ ቤት ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን። ወደ ደንቢያ በኩል አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች። ሶላሯ ከብዙዎቹ የመንግሥት ተቋማት ሶላር በፊት የተተከለ ነው። እስካሁን ይሠራል። ዕቃው የተለየ ሆኖ አይደለም። የባትሪው ክፍል ቁልፍ ያለው ቄሰ ገበዙ ጋ ነው። ለማኅሌትና ለቅዳሴ ይከፍታሉ፣ ሲያልቅ ይዘጋሉ። ሞንታርቦው ለስብከት ካልሆነ አይነካም። ጎረምሶቹ ስልክ ቻርጅ እናድርግ ሲሏቸው በቀን ብቻ፣ ፀሐይ ሲበረታ ይፈቅዳሉ። «አባታችን፣ ቮልት ምን እንደሆነ ማን አስተማረዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ አረንጓዴ ሲበራ እሰጣለሁ፣ ቀይ ሲበራ እከለክላለሁ» አሉኝ። በቃ። እሳቸው ጋ ያለው ሥልጣን ነው፤ ጤና ኬላ ያለችው እህት ጋ የሌለው።

ስለዚህ በርክክብ ሰነዱ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። ቁልፉ ለዚያ ሰው ይሰጥ። «አያገባሽም» ሳይሆን «ያንቺ ነው» ይባል። ሠራተኛ ስለሚዛወር ሁለተኛ ሰውም ይሠልጥን። ሁለተኛው የአካባቢው ነዋሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጥበቃው ወይም የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ አባል። መንገድ ሲዘጋ ከጎንደር የሚላክ ባለሙያ አይደርስም፤ ይህን ባለፉት ዓመታት ሁላችንም አይተነዋል። እዚያው ያለ ሰው ብሎን ማጥበቅ፣ ፊውዝ መቀየር፣ የባትሪውን ራስ በቤኪንግ ሶዳና በለብ ያለ ውሃ አጥቦ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት ከቻለ፣ ብዙ ነገር ይድናል። አንድ የ13 ቁጥር የብሎን መፍቻ፣ አንድ ቮልት የሚለካ ቴስተር፣ ጥቂት መለዋወጫ ፊውዝ፣ የጎማ ጓንትና መነጽር አብረው ይግቡ። ከፓኔሉ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

መመሪያውም በአማርኛ አንድ ገጽ ይሁንና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በተለይ ይህ መስመር በትልቁ ይጻፍበት፤ ሲገጠም ባትሪው መጀመሪያ፣ ፓኔሉ መጨረሻ፤ ሲፈታ ፓኔሉ መጀመሪያ፣ ባትሪው መጨረሻ። ስንት ኮንትሮለር በዚህ ቅደም ተከተል መዛባት እንደተቃጠለ የጥገና ሱቆቻችንን መደርደሪያ መጥታችሁ ብታዩ ይገባችኋል።

ጣሪያው ላይ ያለው ቀላል ነው፤ አላስረዝመውም። በበጋ አቧራ፣ ዓመቱን ሙሉ የቁራ ኩስ አለ። ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ላይ ጥላ ሲያርፍ ሌሎቹንም ትጎትታለች። ጠዋት ማለዳ ወይም ማታ፣ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። እኩለ ቀን ላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። አቀማመጡም ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ይሁን። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች፣ ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ቀን 6 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ታኅሣሥ ላይ ግን ሩቅ ደቡብ ናት። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ዓመቱን ያስማማል፤ ዝናቡም አቧራውን ይዞት ይወርዳል። እና ባሕር ዛፍ! ሶላሩ ሲተከል ጉልበት የማይደርስ ችግኝ የነበረው ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሪያውን አልፎ ይገኛል። ፓኔሉ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ እንዳያገኘው ማየት የማንም ሥራ ስላልሆነ፣ ዛፉም ያድጋል፣ መብራቱም ያንሳል፣ «ሶላር አይረባም» ይባላል።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ስሌቱን ያለ ፍርሃት እንሥራው። 200 ዋት ፓኔል በቀን የ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 1,000 ዋት ሰዓት ይሆናል። በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለሶኬት ወደሚሆን ኃይል በሚቀይረው ዕቃ) ከሚባክነው ተርፎ 700 ገደማ እጅ ይገባል። አራት ባለ 8 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 160 ነው። ላፕቶፕ 60 ዋት ለ4 ሰዓት 240። አሥር ስልክ ቻርጅ ቢደረግ 150 አካባቢ። በድምሩ 550፤ ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል። አሁን አንድ መምህር ለሰንበት ሸሚዙን ልተኩስ ብሎ 1,000 ዋት ካውያ ለግማሽ ሰዓት ቢሰካ 500 ሄደ። የዚያ ቀን መብራት አለቀ። የኤሌክትሪክ ምጣድማ 3,000 ዋት አልፎ ይሄዳል፤ እሱን አናንሳው። ኢንቨርተሩም ሳይሠራበት ከተከፈተ ዝም ብሎ ይበላል፤ ሌሊቱን ሙሉ 15 ዋት ቢወስድ በ12 ሰዓት 180 ነው፤ ከአራቱ አምፖሎች በላይ! ማታ ይጥፋ።

በክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ለቀናት ሲዘጋ ይህ 700 ግማሽ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቴሌቪዥን ይቁም፣ መብራት ይቀድም። ይህን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል፤ ወደ ቁልፉ ተመለስን ማለት ነው።

ስልክ ቻርጅ ካነሳሁ አይቀር፤ የመንደሩ ሰው ገበያ ሲወጣ ከፍሎ ነው ቻርጅ የሚያደርገው። በፀሐያማ ሰዓት ብቻ፣ በኮሚቴ ቁጥጥር፣ በትንሽ ክፍያ ይፈቀድና ገንዘቡ ለባትሪ ይቀመጥ። ዛሬ ይህ በሕግ የሚያስጠይቅ ስለሚመስላቸው ኃላፊዎች በድብቅ ይፈቅዳሉ፤ ገንዘቡም የት እንደሚገባ አይታወቅም። አንድ ገጽ መመሪያ አውጡለትና ይጥራ።

የክትባት ፍሪጅ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ከዚያ በታች ወርዶ በረዶ ከመታውም የሚበላሽ አለ። የፍሪጁ ፓኔል ለፍሪጁ ብቻ ነው። ስልክም አምፖልም አይቀጠልበትም። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፓኔል የሚሠሩት ፍሪጆች የመጡት ይኸው የባትሪ ጣጣ ስላስመረረ ነው። እነሱም ቢሆኑ ፓኔላቸው ካልታጠበ ዋጋ የላቸውም።

ግዥ ላይ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ ከ25 ኪሎ በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ውስጡ እርሳስ ነውና። ላዩ ላይ «100» ተጽፎበት በአንድ እጅ ብድግ የሚል ከሆነ ውስጡ መቶ የለም። የመኪና ባትሪም ሶላር ላይ አይግባ፤ እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት አይደለም። አሮጌና አዲስ ባትሪም አንድ ላይ አይያያዝ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል የሚለው ሕግ ይኑር፤ ግን ርክክቡ ላይ የሚመዝንና የሚለካ ሰው ይቁም።

የሞቱትስ? በየመጋዘኑ ተከምረዋል። በሞዴል 19፣ በመንግሥት የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ የተመዘገበ ንብረት ስለሆነ ማስወገጃ ደብዳቤ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። ሳጥኑ ይሰነጠቅና አሲዱ ወለል ላይ ይፈሳል። ወይም አንድ ቀን ተሰርቆ ይወጣና እርሳሱ በእንጨት እሳት ይቀልጣል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ጀርባ ልጆች ይጫወታሉ። አወጋገዱ ይፋጠን፤ ወረዳው አሰባስቦ በሕጋዊ መንገድ ለሚረከብ ያስረክብ።

ባለሙያ የለም የሚለውን መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከተማችን ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ኤሌክትሪክ እየተማሩ የትብብር ሥልጠና የሚወጡበት ቦታ ያጣሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ ከመምህራቸው ጋር በየወረዳው ይሰማሩ። ብሎን ያጥብቁ፣ ቮልት ይለኩ፣ ይመዝግቡ። አበልና ትራንስፖርት ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔም ሆንኩ ሌሎች የከተማዋ ጠጋኞች አብረናቸው ብንወጣ ደስ ይለናል።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር ብቻ አድርጉልን። በየተቋሙ የሶላሩ ኃላፊ ማን እንደሆነ ስሙን ጻፉ፤ የባትሪ መተኪያ የሚል የበጀት መስመር ክፈቱ፤ የጠዋት ቮልት የሚመዘገብበት ደብተር ይቀመጥ። ቀን፣ ቮልት፣ የመዘገበው ሰው ፊርማ፤ ሌላ ዓምድ አያስፈልገውም። ሱፐርቪዥን ስትወጡ የክትባት መዝገቡን እንደምታዩት ይህንንም ገልጣችሁ እዩት። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየወረደ ከሆነ ባትሪው ሳይሞት ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሶላር ጥገና ባለሙያ
ጎንደር